ዜማው ቀድሞ ይገባል፣ ሀዘኑ ቆይቶ ይደርሳል

ስለ ዓለም መጥፋት የሚያወራ ግን ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አብሮ የሚዘፍነው ዘፈን አለ። ዘ ፖስታል ሰርቪስ የሚባል የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ በ2003 ባወጣው ጊቭ አፕ የሚል አልበም ውስጥ ነው ያለው፣ ሰውየው ቤቱን ዘግቶ የታሸገ ምግቡን፣ የተጣራ ውሃውንና የሚወዳትን ሴት ፎቶዎች ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ውጪ ያለው አየር ቢነካው ሰውነቱ ምን እንደሚሆን ሳይቀር ይነግረናል፣ ዜማው ግን ፈካ ያለ ነው፣ ሰብሰብ ብሎ የሚዘፈን ዓይነት። ብዙ ሰው ይሄን ዘፈን ስንት ጊዜ ሲያንጎራጉረው ከርሞ ነው አንድ ቀን ቆም ብሎ ግጥሙን የሚሰማው። የሚገርመው ደሞ ከዛ በኋላ አይተወውም፣ እንደውም የበለጠ ይወደዋል።

እንዲህ ዓይነት አልበሞች ለምን እንደሚይዙን ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ መራራ ክኒን በስኳር ተለብጦ ሲሰጥ እንደማለት ነው የሚለው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ስኳሩ መራራውን ለመደበቅ ከሆነ መራራው የተገለጠ ቀን ሰው መሸሽ ነበረበት፣ እየሆነ ያለው ግን ተቃራኒው ነው፣ ሰው ግጥሙ የገባው ቀን ነው አልበሙን የራሱ የሚያደርገው። ስለዚ ዜማው ሌላ ስራ ነው የሚሰራው። ዜማው ጊዜ ነው የሚሰጠን። ሀዘኑ እስኪደርስ ድረስ ደጋግመን እንድንመለስ ያደርገናል፣ ሀዘኑ ሲደርስ ደሞ የምናውቀው ቤት ውስጥ ነው የሚያገኘን፣ አንደነግጥም። በደንብ የተሰሩ የኢንዲ ፖፕ፣ ማለትም ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጪ በራሳቸው መንገድ የሚሰሩ ሙዚቀኞች ፖፕ አልበሞች ትልቁ ጉልበታቸው እዚህ ጋር ያለ ይመስለኛል፣ እንዴት እንደሚሰራ ደሞ በዝርዝር ማየት ይቻላል ምክንያቱም ነገሩ አስማት አይደለም፣ ጆሮ ላይ፣ ቃል ላይና የዘፈን ቅደም ተከተል ላይ የሚታይ ነው።

ከጆሮው እንጀምር። በምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ ውስጥ አንድ ዘፈን ደስተኛ ነው ወይስ ያዘነ የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች ሁለቱ ትልልቆቹ ፍጥነቱና ሜጀር ወይም ማይነር መሆኑ ናቸው። ፈጣንና ሜጀር ከሆነ ደስ ያለው ይመስላል፣ ዝግ ያለና ማይነር ከሆነ የከፋው ይመስላል፣ ይሄን ሙዚቃ ያልተማረም ሰው ጆሮው ያውቀዋል። ጥያቄው ሁለቱ ሲጣሉ ምን ይሆናል ነው፣ ማለትም ፍጥነቱ ወደ ጭፈራ እየጎተተ ኮርዱ (ባንዴ የሚመቱት ኖታዎች) ወደ ትካዜ ሲጎትት። ሀንተር፣ ሼለንበርግና ሺማክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት በትክክል ይሄን ነው የሞከሩት፣ ምልክቶቹ የተጣሉበት ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች ደስታውም ሀዘኑም ባንዴ እንደተሰማቸው ነው የመለሱት። ሁለቱ ተጣፍተው ዜሮ አልሆኑም፣ አንዱ ሌላውን አላሸነፈም፣ ሁለቱም እዛው ነበሩ። እኔ ይሄን ግኝት በጣም ነው የምወደው ምክንያቱም የኑሯችንም ስሜት አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነው፣ ከመለያየት በኋላ ያለ እፎይታ፣ በምረቃ ቀን ያለ ሆድ መባባት፣ ምናምን። አንድ ስሜት ብቻ ያለው ዘፈን ለነዚህ ቀኖች አይሆንም።

ሙዚቀኞቹ ይሄን ጸብ ለመፍጠር የሚጠቀሙበት መንገድ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር የሚባሉት ስኬሎች፣ ማለትም የኖታ ተርታዎች፣ ሰባቱም ኖታዎቻቸው አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ የትኛው ኖታ ላይ ነው እንደቤት የምናርፈው የሚለው ብቻ ነው። ስለዚ አንድ ዘፈን ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር እያለ አራት ኮርድ እየዞረ ቤቱ የቱ እንደሆነ ሳይናገር ሊቆይ ይችላል፣ አንዴ ሜጀሩ ላይ ያረፈ ይመስላል ወዲያው ደሞ ማይነሩ ላይ፣ ጆሯችን ሁሌ ሊያርፍ ነው ብሎ ይጠብቃል ዘፈኑ ግን አያርፍም። ከስር ድራም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አይቸኩልም አይሰበርም። ከላይ ድምጻዊው ያመነታል። ሰውነታችን ከድራሙ ጋር ሲሄድ ልባችን ከድምጹ ጋር ይቀራል፣ አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ቦታ ነን ማለት ነው።

ድምጹ ራሱ አንድ ትልቅ ጉዳይ ነው። የዚህ ሙዚቃ ዘፋኞች ብዙዎቹ አይጮሁም፣ ድምጻቸውን ሰማይ ድረስ አይለቁትም፣ ማይክ አጠገብ ሆነው ለአንድ ሰው እንደሚያወሩ ነው የሚዘፍኑት፣ አንዳንዶቹ እንደውም ስሜት የሌለው እስኪመስል ድረስ ደረቅ ነው። ይሄ ደረቅነት ድክመት የሚመስለው ሰው አለ። ግን ዘፋኙ ራሱ አልቅሶ ከጨረሰው ለአድማጩ ምን ይቀራል? በዛ ፈጣን ቢት ላይ የለቅሶ ድምጽ ቢጨመርበት ድራማ ይሆናል፣ ዝግ ያለው ድምጽ ግን ቦታ ይተውልናል፣ የጎደለውን የምንሞላው እኛ ነን፣ የምንሞላው ደሞ በራሳችን ታሪክ ነው። ኮረሱ ላይ ደሞ ያው ሰው ድምጹ ሁለቴ ተቀድቶ ተደራርቦ ሲመጣ ብቻውን የነበረው ሰው ድንገት አጃቢ ያገኘ ይመስላል፣ ግን አጃቢው ራሱ ነው። ይሄ ነገር በጣም የተለመደ የስቱዲዮ ዘዴ ነው፣ እኔ ላይ ግን ሁሌም ይሰራል።

ጊቭ አፕን እንደ ዋና ምሳሌ የያዝኩት ከአሰራሩ የተነሳ ነው። ጂሚ ታምቦሬሎ የሚባለው ፕሮዲዩሰር ሎስ አንጀለስ ሆኖ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃውን ይሰራና ዲጂታል ካሴት ላይ ቀድቶ በፖስታ ይልካል፣ ዘፋኙ ቤን ጊባርድ ደሞ ሲያትል ሆኖ ይቀበልና ዜማውን፣ ግጥሙን፣ አንዳንዴም ጊታሩን ጨምሮ መልሶ ይልካል፣ የባንዱ ስም ራሱ ከዚህ ነው የመጣው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ስሜን ለምን ወሰዳችሁ ብሎ በ2003 ደብዳቤ ጽፎባቸው ነበር፣ በኋላ ተስማሙና እንደውም ፖስታ ቤቱ አልበሙን በዌብሳይቱ እስከመሸጥ ደረሰ። ለኔ ዋናው ነገር ግን ሙዚቃው ሲሰራ ግጥሙ አልነበረም። አንዱ ሰው ለብቻው ሆኖ ተጫዋች የሆነ፣ ጠብ ጠብ የሚል የማሽን ድምጽ ይሰራል፣ ሌላው ከሌላ ከተማ ያንን ተቀብሎ ስለ መለያየት ይጽፍበታል። የተጣሉት ምልክቶች አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ በእቅድ የተቀመሩ አይደሉም፣ በእውነት ሁለት የተለያየ ቦታ ያሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። አልበሙ ሲሰማ ያ ርቀት ይሰማል ብዬ ነው የማምነው።

ወደ ግጥሙ ስንመጣ እዚህ ጋር ነው ብዙ አልበም የሚወድቀው። አዝኛለሁ፣ ተሰብሬያለሁ፣ ብቻዬን ነኝ የሚል ግጥም አያሳዝንም። የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ላይ አንድ ሰው ጥላው ወደ ዋሽንግተን የሄደችውን ሴት ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ደረቱ ላይ እንግዳ መሆኑን ለአዲሶቹ ጓደኞቿ የሚናገር ስቲከር ተለጥፎበታል። በቃ። ያቺ ስቲከር ከአስር የተሰበረ ልብ ይበልጣል ምክንያቱም ትናንት የቤቱ ሰው የነበረ ዛሬ ስሙ እንግዳ ሆኗል፣ ማንም ሳያብራራው እንረዳዋለን። ሌላ ዘፈን ላይ ደሞ ወንዱ እንመለስ እያለ ይለምናል፣ ሴቷ ጣልቃ ገብታ ተለያይተን መቅረት እንዳለብን የሚያሳይ ቻርትና ግራፍ ሰርቻለሁ ትለዋለች፣ ፈገግ ያሰኛል፣ ያማል ደሞ፣ እና ዜማው እንደ ፍቅር ዱየት ነው የሚሄደው። እንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ዝርዝሮች መጀመሪያ ሲሰሙ አይያዙም። ቃሉ በዜማው ውስጥ ያልፍና ይቀመጣል፣ በአምስተኛው ወይ በአስረኛው ጊዜ ነው ቆይ ምን አለ የምንለው። ለዛ ነው ዜማው የግድ ቶሎ የሚይዝ መሆን ያለበት፣ አስረኛው ላይ ካልደረስን ስቲከሩን አናየውም።

ቶሎ የሚይዝ ዜማ ምን ዓይነት ነው የሚለውም በጥናት የታየ ነገር ነው። ኬሊ ጃኩቦውስኪና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ስራ ወደ 3,000 የሚሆኑ ሰዎችን ጭንቅላታችሁ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ዘፈን የቱ ነው ብለው ጠየቁና የተጠቀሱትን ዘፈኖች ካልተጠቀሱት ጋር አወዳደሩ፣ ያገኙት በአጭሩ ፈጠን ያለ ነው፣ የዜማው አጠቃላይ አወጣጥና አወራረድ የተለመደ ነው፣ ግን ውስጡ አንድ ያልተጠበቀ ዝላይ ወይም ድግግሞሽ አለ የሚል ነው። የተለመደ ቅርጽ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ማለት ነው። ጥሩ የኢንዲ ፖፕ ዜማዎችን ልብ ብሎ ለሰማ ሰው ያ እንግዳ ዝላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግጥሙ የሚከብድበት ቦታ ላይ ነው፣ ይሄኛው የኔ ትዝብት ነው እንጂ የጥናቱ አይደለም። ከዚህ ሌላ ሮበርት ዛየንስ በ1968 ያሳየው ነገር አለ፣ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ባየውና በሰማው ቁጥር በራሱ ጊዜ እየወደደው ይሄዳል። ስለዚ ዜማው ይመልሰናል፣ መመለሱ ያስወድደናል፣ መውደዱ ደሞ ግጥሙን እንድንሰማ ትዕግስት ይሰጠናል።

እሺ ሀዘኑ ደረሰ እንበል፣ ለምን ደስ ይለናል? እዚህ ላይ ብዙ ሲወራ የነበረው የሙዚቃ ተመራማሪው የዴቪድ ሁሮን ግምት ነበር፣ በ2011 ያቀረበው፣ ሙዚቃው ሲያሳዝነን ሰውነታችን ፕሮላክቲን የሚባለውን የሚያጽናና ሆርሞን ያመነጫል ግን እውነተኛ አደጋ ስለሌለ መጽናናቱ ብቻ ይተርፈናል የሚል። ያምራል ሲሰሙት፣ ግን በ2021 ቱኦማስ ኤሮላና ባልደረቦቹ በደም ናሙና ሲፈትሹት ግምቱን የሚደግፍ ውጤት አላገኙም፣ እስካሁን በየቦታው እንደተረጋገጠ ሳይንስ እየተደገመ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። የተሻለ መልስ የሚሰጠው የታሩፊና የኮልሽ የ2014 ጥናት ነው፣ 772 ሰዎችን ጠይቀው አሳዛኝ ሙዚቃ ሲሰሙ በብዛት የሚሰማቸው ስሜት ራሱ ሀዘን ሳይሆን ትዝታ ሆኖ አገኙት። ሰዎቹ ከጠቀሷቸው ጥቅሞች አንዱ ደሞ ሀዘኑ በህይወታቸው ላይ ምንም የሚያስከትለው ነገር አለመኖሩ ነው፣ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልሄደም፣ ግን ስሜቱን ሙሉ በሙሉ መያዝ ይቻላል።

ፈጣኑ ቢት ለዚህ ምን ይጨምራል ካልን የሚጨምረው እንቅስቃሴ ነው። ዝግ ያለ አሳዛኝ ዘፈን ቁጭ ያደርጋል፣ ተኝተን ጣራ እያየን የምንሰማው ነው፣ ፈጣኑ ግን ስራ እየሰራንም መንገድ እየሄድንም አብሮን ይሄዳል፣ ሀዘኑ የቀኑን ስራ አያስቆምም። ያዘነ ሰው ሁሉ መተኛት አይችልም እኮ፣ አብዛኛው ሰው አዝኖም ተነስቶ መሄድ አለበት፣ ለዛ ሰው የሚሆን ሙዚቃ ይሄ ነው። የስዊድኗ ሮቢን በ2010 ያወጣችው ዳንሲንግ ኦን ማይ ኦውን ለብዙ ሰው ያን ያህል የቀረበው ለዚህ ይመስለኛል፣ የምትወደው ሰው ከሌላ ጋር ሆኖ እያየች ጥግ ላይ ብቻዋን እየጨፈረች ነው፣ አትቆምም።

ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጆይ ዲቪዥን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ዘፋኝ ኢያን ከርቲስ በግንቦት 1980 ከሞተ በኋላ የቀሩት የባንዱ አባላት ኒው ኦርደር ብለው ቀጠሉ፣ በ1983 ብሉ መንደይን አወጡ፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ በማሽን የሚመታ፣ ቀዝቃዛ ድምጽ ያለው ዘፈን፣ እና በታሪክ ከፍተኛ ሽያጭ ያለው ባለ 12 ኢንች ሲንግል (የነጠላ ዘፈን ሸክላ) ሆነ። እየተስፋፋ የመጣ ነገር መሆኑንም የሚያሳይ መረጃ አለ፣ ሼለንበርግና ቮን ሼቨ በ2012 ከ1965 እስከ 2009 ድረስ በአሜሪካ የተወደዱ ከ1,000 በላይ ዘፈኖችን አይተው ማይነር የሆኑት በጣም እየበዙ እንደመጡና ስሜታቸው የተደባለቀ ዘፈኖችም እንደጨመሩ አግኝተዋል። አድማጩ ጥርት ያለ ደስታ ብቻ ሲሰጠው ማመን እያቃተው የመጣ ይመስለኛል። በዛ ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና መኝታ ቤት ያለው ሰው አልበም መስራት ሲችል ዝግ ያለ ድምጽና የድራም ማሽን በራሱ ጊዜ ዋና ድምጽ ይሆናል፣ ጎረቤት አጠገብ የሚጮህ የለም።

አልበም መሆኑም ለብቻው መታየት አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ዘፈን ብቻውን ይሄን ሁሉ አይሰራም። ጊቭ አፕ አስር ዘፈን ነው፣ 45 ደቂቃ ገደማ። ያ የስቲከሩ ዘፈን ዝግ ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ቢቱ ይነሳል፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለተኛው ላይ ሰች ግሬት ሃይትስ የሚለው ንጹህ የፍቅር ዘፈን ይመጣል፣ ጨለማ የሌለበት። ያንን ዘፈን ለብቻው በፕሌይሊስት የሰማ ሰው ጥሩ የፍቅር ዘፈን ነው ብሎ ያልፋል፣ አልበሙ ውስጥ ግን የተጣለው ሰው ነው አሁን ደሞ እንዲህ የሚወደው፣ ወይ ድሮ የወደደው ነው፣ አልበሙ አይነግረንም፣ እና ደስታው ላይ ስጋት ይቀመጥበታል። ስምንተኛው ላይ በጣም የሚጨልም ዘፈን አለ፣ ዘጠነኛው አብሮ አዲስ ህይወት ስለመጀመር ነው፣ አስረኛው ደሞ አብዛኛው ግጥም የሌለው የማሽን ድምጽ ብቻ ሆኖ ይበተናል። ዘፈኖቹ በቅደም ተከተል ሲሰሙ አንዱ የሌላውን ትርጉም ይቀይረዋል። ስለዚ እንዲህ ዓይነት አልበም ሲያዝ በሙድ በተሰበሰበ ፕሌይሊስት ተቆራርጦ መስማት የሚያጎድለው ነገር አለ፣ ሁሉም ያዘነ ዘፈን የሆነበት ዝርዝር ውስጥ ሀዘኑ የሚነጻጸርበት ነገር ያጣል።

የሚነሳ ቅሬታ አለ፣ ሀዘንን አሳምሮ መሸጥ ሰውን ሀዘኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል የሚል። ባዶ ቅሬታ አይደለም። ሳንድራ ጋሪዶና ኤመሪ ሹበርት የሰሩት ምርምር ሀሳብን እያመላለሰ የመብሰልሰል ባህሪ ያለው ሰው አሳዛኝ ሙዚቃ ከሰማ በኋላ ይበልጥ ሊከፋው እንደሚችል ያሳያል፣ ለሁሉም ሰው መድሀኒት ነው ማለት ስህተት ነው፣ ሰምቶ ሰምቶ እየባሰበት የሚሄድ ሰው ካለ ማጥፋት ነው ያለበት። ግን ይሄ ቅሬታ በደንብ የሚሰራው ከላይ ሙድ ብቻ በተቀባባቸው አልበሞች ላይ ነው፣ ሁሉም ዘፈን ላይ ያው ጭጋግ፣ ያው ሪቨርብ (እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባ ድምጽ)፣ ያው ለማንም የሚሆን ግጥም፣ ውስጡ ሰው የለም፣ ስቲከር የለም። እንደዛ ያለው አልበም ሀዘንን እንደ ቀለም ነው የሚጠቀምበት፣ አድማጩ የሚደርስበት ሁለተኛ ነገር ስለሌለ በሶስተኛው ቀን ያልቃል። የምለየውም በዚህ ነው፣ ዜማውን ካወቅኩት በኋላ ገና የሚነግረኝ ነገር አለው ወይ?

ጊቭ አፕ ከሀያ ዓመት በኋላም ነበረው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሄዷል፣ ሰብ ፖፕ ለሚባለው አሳታሚ ኒርቫና ከሚባለው ባንድ ብሊች አልበም ቀጥሎ ብዙ የተሸጠለት አልበም ሆኗል፣ በ2023 ባንዱ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመጫወት ሲዞር ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ድረስ ነው የገባው። ሁለተኛ አልበም ግን አልሰሩም። ሞክረው ነበር፣ አልሄደላቸውም፣ በ2013 ለአስረኛ ዓመቱ እንደገና ሲወጣ ሁለት አዳዲስ ዘፈን ጨምረውበት አበቃ። ይሄ ብዙ አድናቂዎችን ያበሳጫል፣ እኔ ግን ይገባኛል፣ አንዱ ሌላው ምን እንደሚመልስለት ሳያውቅ ነው ካሴቶቹ የተላኩት፣ ሁለቱም ምን እንደሚወጣ ካወቁ በኋላ ያንን አለማወቅ መልሶ የሚያመጣላቸው ፖስታ የለም።